ሦስተኛዋ ድምፅ ላይ ያለው ንፋስ

አባቴ ሲያፏጭ ሦስት ድምፅ ነው። የመጀመሪያዋ ከፍ ትላለች፣ ሁለተኛዋ ዝቅ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ከሁለቱም ወርዳ መጨረሻዋ ላይ ትንሽ ንፋስ ትቀላቅላለች። ፊው፣ ፊው፣ ፍሁው። ሲጻፍ ያስቃል፣ አውቃለሁ። ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁለትም። ይህን ሁሉ ፊደል ይዘን ለፉጨት የሚሆን አንድ እንኳ አለመኖሩ ይገርመኛል።

ይህች ፉጨት የዝናብ ወፍ ድምፅ ናት። አባቴ ልጅ ሳለ ሁምቦ ያለው ተራራችን ደን ነበር አሉ። በልግ ሊገባ ሲል ወፏ ከዛፍ ላይ ሆና ትጠራለች፣ ሰው ድምጿን ሰምቶ የበቆሎ ዘሩን ያወጣል። ኋላ ዛፉ ለከሰልና ለማገዶ ሲያልቅ ወፏም ሄደች። እኔ ስወለድ ተራራው ራቁቱን ነበር። ስለዚህ የዝናብ ወፍን በጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም፤ የማውቃት በአባቴ አፍ ነው። ውሃ ልንቀዳ በጋሪ ስንሄድ ያፏጭልኝ ነበር፣ እኔም ለመድኩት፤ ንፋሱንም ጭምር። የእሱ አንድ የፊት ጥርሱ ስለሌለ ንፋሱ በራሱ ይመጣለታል። የእኔ ጥርስ ግን ሙሉ ነው፣ ስለዚህ ከንፈሬን ወደ ጎን ማጣመም ነበረብኝ። እናቴ እንዲህ አፍሽን እያጣመምሽ ተጣሞ እንዳይቀርብሽ እያለች ትቆጣኝ ነበር።

አሁን ስጽፈው ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ያኔ ግን አልታየኝም፤ እውነቴን ነው።

ተራራው የተከለለው ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። ከብት አይግባበት፣ ጉቶው በራሱ ያቆጠቁጣል ተባለ፤ እውነትም አቆጠቆጠ። አባቴ ጥበቃ ሆኖ ተመረጠ። ሰው ግን የግጦሽ መሬቱን እንዴት በባዶ ይልቀቅ? ክለላው በተወሰነበት ስብሰባ ላይ አባቴ ተነስቶ፣ ዛፉ ሲመለስ የዝናብ ወፏም ትመለሳለች ብሎ ቃል ገባ። ማንም ቃል ግባ አላለውም። እናቴ ይህን እስከ ዛሬ አልተወችለትም፤ በእጅህ በሌለች ወፍ ስም ሰው ፊት ትምላለህ ወይ ትለዋለች።

ግጦሻቸውን ከለቀቁት ሰዎች ብዙ ከብት የነበራቸው ጎረቤታችን ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም ጋሼ ይበቃቸዋል። ከአባቴ ጋር እኩያ ናቸው፣ በዚያው ተራራ ላይ አብረው ከብት አግደው ነው ያደጉት። ዓመታት አለፉ፣ ዛፉ ጥላ ሆነ፣ ጅግራው መጣ፣ ጦጣው መጥቶ በቆሎ መስረቅ ጀመረ። የዝናብ ወፏ ግን የለችም። ጋሼ አባቴን መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር አይምሩትም።

«ወፍህስ?»

«ትመጣለች።»

«ቦዲቲ ላይ መኪና አጥታ ይሆናል።»

አባቴ አብሯቸው ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን ጫማውን እስኪያወልቅ ድረስ ቃል አይወጣውም። እኔ ያን ዝምታ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ወፏ የምትመጣበትን ቀን ከእሱ እኩል የጠበቅሁትም ለዚያ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ሶዶ አክስቴ ዘንድ ተቀመጥኩ። ፈረቃዬ የጠዋት ነው፣ ከምሳ በኋላ ሥራ የለኝም። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ አንዲት መምህርት ወደ ተራራችን መጣች። ሰው ሁሉ ቲቸር ይላታል፣ እኔም እንደዚያው። አገሯ ሰሜን ነው፣ ወላይትኛ አትችልም። የእጅ መዳፍ የሚያህሉ አረንጓዴ ሳጥኖች ይዛ ነበር፤ ውስጣቸው ባትሪና ሚሞሪ አለ፣ በየሰዓቱ እየነቁ የጫካውን ድምፅ ይቀዳሉ። አባቴ ዛፍ መርጦ እንደ ቀፎ ተጠንቅቆ ሰቀለላት። ቲቸር አንድ ነገር ብቻ አደራ አለችው፤ በሳጥኖቹ አጠገብ ሰው እንዳያወራ።

አባቴ አደራ ከተሰጠው አበቃ። ጎረቤቱን ሁሉ ዞሮ አስጠነቀቀ። ያኔ ሁሉም ነገር በአንድ ለአምስት ስብሰባ የሚነገርበት ጊዜ ነበርና በዚያም ተነገረ። ከዚያ በኋላ በተራራው መንገድ የሚያልፍ ሰው ሳጥን ያለበት ዛፍ ጋ ሲደርስ አፉን ይዘጋ ጀመር። ሰላምታ በእጅ ሆነ። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ከጓደኛዋ ጋር የጀመሩትን ሐሜት እዚያ ጋ አቋርጠው ከዛፉ ሲያልፉ ይቀጥላሉ። አባቴ ራሱ እዚያ ትንፍሽ አይልም። ማፏጨት ግን ማውራት አይደለም፤ ቢያንስ ለእሱ አይደለም።

ቲቸርን ልጄ ሶዶ ናት፣ የማታውቀው ወፍ የለም ያላት እሱ ነው። ይህ ውሸት ነው። ቁራ፣ ዋኔ፣ ጅግራ፣ ጭልፊት፣ ከዚያ አላልፍም። ቲቸር ግን አመነችው፣ በሚያዝያ ሳጥኖቹን አውርዳ ሶዶ ስትመለስ አስጠራችኝ።

ቢሮዋ የባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት ያለች ጠባብ ክፍል ናት። የመጀመሪያ ቀን አንቱ ስላት ሳቀችና ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፣ አንቱ አትበይኝ አለችኝ። እኔ ደግሞ አንቺ ማለት አልሆነልኝም። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ አንቱም አንቺም የሌለበት አረፍተ ነገር እየፈለግኩ አወራሁ። «ቲቸር፣ ይሄ ይከፈት?» «ቲቸር፣ ምሳ ተበላ?» አማርኛ እንዲህ ሲጨነቅ አይቼ አላውቅም።

«ኮምፒውተሩ ምንም አያውቅም» አለችኝ። «እንደ ሕፃን ነው። ይህ ድምፅ የማን ነው ይልሻል፣ ትነግሪዋለሽ። ደጋግመሽ ከነገርሽው ኋላ ሳይጠይቅሽ በራሱ ያውቃል።»

ነገሩ ማሽን ለርኒንግ ይባላል አለች። የተቀዳው ድምፅ በሦስት በሦስት ሰከንድ ተቆራርጦ ይመጣል። ማዳመጫውን አድርጌ እሰማለሁ፣ ከሥሩ የድምፁ ሥዕል ይታያል፣ ወፍራም ድምፅ ታች ቀጭን ድምፅ ላይ፣ ከዚያ ስሙን እጽፋለሁ። ዝርዝሩ ላይ ወፍ ብቻ አይደለም፤ ዝናብ፣ ከብት፣ መኪና፣ ሰው የሚሉም አሉበት። ለክፍሌ ልጆች ኮምፒውተር አስተምራለሁ አልኳቸው። ኮምፒውተር ትማራለች ለማለት ነው ብለው አረሙኝ። አይደለም ብል ማን ይስማኝ። ሒሳብ የወደቅኩ ልጅ!

ችግሩ አብዛኛውን ድምፅ አለማወቄ ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ አባቴን ማሳፈር መሰለኝ። ስለዚህ ያላወቅኩትን ሁሉ «ካፎ» እያልኩ ጻፍኩ። በወላይትኛ ወፍ ማለት ነው፤ ውሸት አይደለም፣ ሁሉም ወፍ ናቸው። በሳምንቱ ቲቸር ወረቀት ይዛ መጣች፣ ፊቷ በርቷል። ተራራችን ላይ በብዛት አንደኛ የወጣው ካፎ ነው አለችኝ፤ ጠዋት አለ፣ ቀትር ላይ አለ፣ ሲመሽም አለ፣ አንዳንዴ ይጮኻል አንዳንዴ ያንሾካሹካል፣ እንዲህ ያለ ወፍ በመጽሐፍም አላየሁም፣ ምን ዓይነት ነው? ነገርኳት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ እስክታለቅስ ድረስ ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካፎ በኮምፒውተሩ ላይ የራሱ ፎልደር ተሰጠው፤ የማይታወቅ ነገር ሁሉ መጣያ ሆነ።

የዝናብ ወፏን የሰማኋት በዚያው ሰሞን ነው።

ማክሰኞ ነበር፣ ውጭ የባጃጅ ሾፌሮች ይጯጯሃሉ። አንዱን ቁራጭ ከፈትኩ፣ ፊው፣ ፊው፣ ፍሁው። ደግሜ ከፈትኩ። ንፋሱ አለ። እንዲህ አርፌ፣ እንዲህ እርግጠኛ ሆኜ የጻፍኩት ስም የለም። ቀጥሎ ሌላ አገኘሁ፣ በማግስቱም ሌላ፣ ሁለተኛው ሳጥን ላይም አለች። ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ነው። ቲቸርን ጠራኋት፣ ማዳመጫውን ሰጠኋት፣ አለቀስኩም መሰለኝ።

ቲቸር በዚያ ተራራ ይህች ወፍ ታይታ እንደማታውቅ ከዝርዝሯ አየች። ከሌላ አገር ደን የተቀዳ የዚችኑ ወፍ ድምፅም ነበራትና አስደመጠችኝ። ሦስት ድምፅ፣ ከላይ ወደ ታች። ግን ንፋስ የለውም፣ ሦስተኛዋ እንደ ሌሎቹ ጥርት ያለች ናት።

«ይህች አይደለችም» አልኳት።

«እንዴት አወቅሽ?»

«የእኛዋ መጨረሻዋ ላይ ንፋስ አላት። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቃት።»

ቲቸር አሰበችና ሊሆን ይችላል አለች። ወፎችም እንደ ሰው የየአገራቸው አነጋገር አላቸው፣ የሁምቦዋ የራሷ ዘዬ ይኖራት ይሆናል። ይህን ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ ስትጽፍ አይቻታለሁ። እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ ንፋስ የሌላት ሦስት ድምፅ ስትመጣ ወደ ካፎ እጥላታለሁ። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እንደዚያ መጥታለች፤ ከሩቅ፣ ቀጭን ሆና። የምታስመስል ወፍ ናት ብዬ ሳቅሁባት።

ኮምፒውተሩ ጎበዝ ተማሪ ወጣው። ቲቸር ያስተማርኩትን ሁሉ ሰጥታው ሁለት ቀን ሠራና፣ ከዚያ እኔ ያልሰማኋቸውን ፋይሎች በሙሉ ራሱ አዳመጠ። የዝናብ ወፏን በየማለዳው አገኛት። ሪፖርት ተጻፈ። ካፎዎቹ ቦታ ስለያዙ ቲቸር ፎልደሩን ጠቅላላ ሰረዘችው፣ ሳጥኖቹና ሚሞሪዎቹም ተጠርገው ወደ ሌላ ወረዳ ሄዱ። ላፕቶፑ ላይ የቀሩት የዝናብ ወፏ የተገኘችባቸው ፋይሎች ብቻ ነበሩ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ጠበላ ድረስ፣ ከዚያ በእግር ቤቴ ሄድኩ። አባቴ በር ላይ ተቀምጦ የዝናብ ልብሱን ይሰፋል። የዝናብ ልብስ ለስሙ ነው፤ በዚያ ዓመት በልጉ አልዘነበም፣ በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ደርቋል። መጥታለች አልኩት። ማን አላለኝም። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካው፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው።

«ስንት ቀን?» አለኝ።

«በየቀኑ። ጠዋት ጠዋት።»

«እኔ እኮ በየቀኑ እዚያ ነኝ» አለ። «እንዴት ሳልሰማት ቀረሁ?»

ጆሮው ደክሞ ይሆናል አልኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

ያን ቀን ወሬውን ያልሰማ ሰው የለም። ጋሼ ግን በጆሮዬ ካልሰማሁ አሉ። እሳቸውም የራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው፤ ከብቶቻቸው አጥንታቸው ወጥቷል፣ የተከለለው ተራራ ደግሞ ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ድርቁ እስኪያልፍ ተራራው ለከብት ይከፈት ብለው ከብዙ ሰው ጋር ጠየቁ። ቀበሌው ለእሑድ ስብሰባ ጠራ። ቲቸርም ላፕቶፗን ይዛ መጥታ የወፏን ድምፅ ለሕዝብ እንድታሰማ ተጋበዘች። ከብት አንድ ክረምት ከገባበት የአሥር ዓመት ችግኝ ይበላል፣ ከዚያ በኋላ መከልከል አይቻልም። አባቴ ይህን ያውቃል። የገባው ቃል እዚያው ስብሰባ ላይ ወይ ይጸናል ወይ ያበቃል።

ቲቸር በዚያ ሳምንት ለሥልጠና አዋሳ ሄዳ ነበር። ላፕቶፑን ለእኔ ተወችልኝ፤ በጣም የጠራውን ድምፅ መርጠሽ አቆዪ አለችኝ። ሐሙስ ከሰዓት ብቻዬን ተቀመጥኩ። የሦስት ሰከንዷ ቁራጭ ለሰው አጭር ትሆናለች ብዬ ሙሉውን ፋይል ከፈትኩ፤ ከፊትና ከኋላዋ ያለውን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ሣር ሲረገጥ ይሰማል። ቀስ ያለ እግር። ከዚያ ዱላ ድንጋይ ሲነካ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ፊው፣ ፊው፣ ፍሁው። እንደገና ዝም፣ ረጅም ዝምታ፣ እንደሚጠበቅ ነገር። እንደገና ፍሁው። እንደገና ዝም። ከዚያ ጉሮሮ ተጠረገ፣ አባቴም ከሳጥኑ ራቅ ብሎ ይመስለኛል፣ በወላይትኛ ቀስ ብሎ ለራሱ፣

«ዛሬም የለችም» አለ።

እግሩ ሄደ።

ሌላ ቀን ያለውን ከፈትኩ። እግር፣ ዱላ፣ ፉጨት፣ ዝምታ። እዚያ ላይ አልተናገረም። ሌላ ከፈትኩ፣ አስነጠሰ። በሁለተኛው ሳጥንም እሱ ነው፤ መንገዱ ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሳልሰማቸው የቀሩትን ቁራጮች ኮምፒውተሩ በትጋት ለቅሞ ሁሉንም የዝናብ ወፍ ብሏቸዋል። ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም። እኔ ያስተማርኩትን ነው የተማረው። እኔንም ያስተማረኝ አባቴ ነው።

ማዳመጫውን አውልቄ ላፕቶፑን ዘጋሁ። ከዚያ የአክስቴን ስልክ ለምኜ ቲቸር ጋ ደወልኩ። አነሳች። ገና ሳልናገር ደስ እንዳላት፣ አዋሳ ለጓደኞቿ ሁሉ እንደነገረቻቸው፣ አባቴን እሑድ ፊቱን ለማየት እንደቸኮለች አወራችኝ።

«ድምፁን መረጥሽ?» አለችኝ።

«እሺ ቲቸር» አልኳት። ለጥያቄው መልስ እንኳ አይደለም። እሺ፣ እሺ፣ እሺ አልኩና ስልኩ ተዘጋ።

አርብም ቅዳሜም ነበረ። በሁለት ቀን ውስጥ መናገር የሚችል ሰው ይናገራል። አክስቴን ራሴን አሞኛል ብያት ተኛሁ። ለእግዚአብሔር ነገርኩ፤ እሱ ደግሞ ቀድሞ ያውቃል።

እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ ሰው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰበሰበ። አባቴ ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሷል። ቲቸር ከአዋሳ በቀጥታ መጣች፣ ላፕቶፑን ከእጄ ወሰደች፣ የመረጥኩትን ቁራጭ አየች። ሦስት ሰከንድ ነው፤ እግሩ የለም፣ ጉሮሮው የለም። ቆርጬዋለሁ። ይህን የሠራች እጄ ናት፣ ሌላ ሰው ላይ የማላክከው ይህ አንድ ነገር ነው።

መጀመሪያ ጠባቂው ይስማ ተባለ። ቲቸር ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገችለት፣ ኮፍያው ላይ አልገባ ብሎ ሰው ሳቀ። እኔ ፊቱን አላየሁም፤ እጁን ነው ያየሁት። አሁን ራሱን ያውቃል፣ አሁን ያወልቀዋል፣ አሁን ልጄ ይህ እኮ እኔ ነኝ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ሰው ግን የራሱን ድምፅ አያውቅም ለካ። እጁ ኮቱን ጨበጠ፣ ለቀቀ።

«እሷ ናት» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሌላው እንዳይሰማ ይመስል፣ «አልረሳችም» አለኝ።

ከዚያ በስፒከር ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሁለት ሦስት ሰው አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ ጋሼን ምን ይላሉ አላቸው። ጋሼ ከፊት ተቀምጠዋል። እንደገና ይሰማ አሉ። ተሰማ። አሁንም ድገሙት አሉ። ሦስተኛው ላይ ዓይናቸውን ከላፕቶፑ አንስተው አባቴን አዩት፣ ቆይተው እኔን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እሺ ነበር።

«እንግዲህ ከመጣች ምን እላለሁ» አሉ።

ተራራው ሳይከፈት ቀረ። ሣር በማጭድ አጭዶ መውሰድ ብቻ ተፈቀደ። ለጋሼ ከብት ብዛት የታጨደው ሣር አልበቃም። በማግስቱ ላሞቻቸውን ቢጠና አካባቢ ወዳለው አማቻቸው ዘንድ ሊነዱ ሲወጡ በራችን ላይ አገኘኋቸው። ጋሼ አልኳቸው። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆሙ።

«አባትሽ» አሉኝ፣ «ጥርሱ ከወለቀች ጀምሮ እንደዚያ ነው የሚያፏጨው። ተራራ ላይ ስንጠፋፋ በእሷ ነበር የማገኘው።»

«ታዲያ ለምን…»

«አንቺስ ለምን?» አሉኝ፤ አልተቆጡም። ላሞቹን ነዱ።

አንዷ ጊደር መንገድ ላይ ቀረች። ጋሼ ሲመለሱ ለማንም አላወሩም፤ እናቴ ናት የሰማችው። ከዚያ ወዲያ አባቴን ስለ ወፍ ጠይቀውት አያውቁም። አባቴ ተሸነፈልኝ ብሎ ያስባል፤ እንዲያውም ያ ቦዲቲ ላይ መኪና አጣች የሚለው ቀልድ ሳይናፍቀው አልቀረም።

ለቲቸር የነገርኳት ያን ሳምንት ነው። ፋይሉን ከፈትኩላት፤ እግር፣ ዱላ፣ ፉጨት፣ ዝምታ። «ዛሬም የለችም» የሚለውን ስተረጉምላት ማዳመጫውን አወለቀች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ደብተሯን ገልጣ የራሷ ዘዬ ይኖራት ይሆናል ብላ የጻፈችውን ትመለከት ጀመር። እኔም ነኝ ያጠፋሁት አለች፣ የሌላ አገሩን ድምፅ ትቼ ያንቺን አመንኩ።

ቁጭ ብለን ስሙን ለወጥን። አንድ በአንድ። የዝናብ ወፍ የሚለውን አጥፍቼ ከዝርዝሩ ሰው የሚለውን መረጥኩ። ሰው። ሰው። ሰው። ከሪፖርቱም መስመሩ ወጣ፤ ቲቸር ለላከችላቸው ሰዎች ተሳስተናል ብላ ጻፈች። ለቀበሌው ደግሞ ራሴ መጥቼ ልንገራቸው ወይ አለችኝ። ውሳኔውን እኔ ላይ ጣለችው። ልነግረው ነበር። እውነቴን ነው፣ አባቴን በዚያው ቅዳሜ ልነግረው ነበር።

ግን ስሙን ለውጠን ስንጨርስ እነዚያ ንፋስ የሌላቸው ትዝ አሉኝ። ከሩቅ የመጡት፣ የሳቅሁባቸው። አንድ ነበሩ ወይስ ሁለት? ከሌላ አገር የመጣውን ድምፅ እንዲከፈት ለመንኳት። ጥርት ያለች፣ ሦስት ድምፅ። እነሱም እንዲህ ነበሩ መሰለኝ። ወይስ አሁን ስለሰማሁት ነው የመሰለኝ? ካፎ ፎልደር ውስጥ ይፈለግ አልኳት። ቲቸር ላፕቶፑን ሳይሆን እኔን አየችኝ።

«ሰርዤዋለሁ» አለች። «አንቺ ፊት።»

ሚሞሪዎቹ ሌላ ወረዳ የሌላ ተራራ ድምፅ ሞልቶባቸዋል። ሁሉን ነገር ሞከረች፤ ለጓደኞቿ ደወለች፣ የጠፋ ፋይል የሚመልስ ነው የተባለ ፕሮግራም አመጣች። አልተመለሰም። ስለዚህ ወፏ አልመጣችም ብዬ ለአባቴ መንገር አልችልም፤ አላውቅማ። መጥታለች ብዬም አልችልም። ምናልባት አንድ ማለዳ እሱ ካለፈ በኋላ ከሩቅ መለሰችለት፣ እሱ አልሰማትም፣ ሳጥኑ ሰማት፣ እኔ ደግሞ ካፎ ብዬ ጣልኳት። ምናልባት ሌላ ወፍ ናት። ለቲቸር ግን ቆዪ አልኳት፤ በልመና መካከል ሳላስበው አንቺ ብያት ነበር። እስከ ዛሬ ቆይታለች።

ባለፈው ቅዳሜ ቤት ነበርኩ። ጎህ ሲቀድ አባቴን ተከትዬ ወጣሁ። አሁን ሳጥን የለም፤ እሱ ግን እዚያ ዛፍ ጋ ሲደርስ አሁንም አፉን ይዘጋል፣ እኔንም በእጁ ዝም አሰኘኝ። ዱላውን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። ፊው፣ ፊው፣ ፍሁው። እጁን ወደ ላይ አንስቶ ጠበቀ። ቅጠል ይንቀሳቀሳል፣ ታች መንደር ውሻ ይጮኻል። እንደገና አፏጨ፣ እንደገና ጠበቀ። ዛሬም የለችም ይላል ብዬ ነበር። ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ዛሬ ሩቅ ናት» አለኝ።

አዎ አልኩት። አጠገቡ ቆሜ ጆሮዬን ወደ ተራራው አቀናሁ፤ ንፋስ የሌላትን እየጠበቅሁ።